የሼህ አዩብ ዘንዶ

ፈክረዲን ሳህኑን ከሳጥኑ ሲያወጣ እናቱ ወይዘሮ ሳሊሐ መስገጃቸው ላይ ተቀምጠው ያዩት ነበር። የቻይናውን ጎድጓዳ ሳህን በፎጣ ጠቀለለ፣ በላዩ ጋቢ ደረበበት፣ በሩን በትከሻው ገፍቶ ወጣ። ያን ጊዜ ብቻ ወደ ልጃቸው ወደ ኸይሪያ ዞሩ።

«ተከተይው» አሏት። «አትከልክይው። ግን ብቻውን አትተይው።»

ኸይሪያ ሻርፗን እየጠመጠመች ወጣች። ወንድሟ የታክሲውን ሞተር አስነስቶ ነበር። ከጎኑ ገብታ በሩን ዘጋች።

«ውረጂ» አላት።

«አልወርድም።»

«ዛሬ ከማንም ጋር መጨቃጨቅ አልፈልግም።»

«አልጨቃጨቅህም። ግን ብሬክ በያዝክ ቁጥር ወዲያና ወዲህ ሊንከባለል ነው? ስጠኝ ልያዝልህ።»

ትንሽ አመነታና ጥቅሉን ጭኗ ላይ አኖረላት። ከዳላስ ዳር ካለው ሰፈራቸው ከጋርላንድ ወጥተው ሰላሳ ሀይዌይ ላይ ገቡ። ፍጥነቱ አስፈራት፤ ግን እናቷ አትከልክይው ብለዋታልና ዝም አለች።

በዚያ ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ ሀሩን የሚባለው ልጅ ቤታቸው ሊመጣ ነበር። ሀሩን የጦልሃ ጓደኛ ነው። ጦልሃ ደግሞ የፈክረዲን አንድ ልጅ ነበር። ዴንተን ዩኒቨርሲቲ ይማር፣ ቅዳሜና እሁድ ከሀሩን ጋር ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ይጭን ነበር። በመጋቢት አንድ ማለዳ ሁለቱ ከሥራ ሲመለሱ መሪው ላይ የነበረውን ሀሩንን እንቅልፍ ጣለው። መኪናው ከመንገድ ወጥቶ የድልድይ ምሰሶ መታ። ሀሩን ክንዱ ተሰብሮ ተረፈ። ጦልሃ እዚያው ቀረ።

እናቱ ደሴ ላይ የሞተችበት ገና ጡት ሳይተው ነው። ያሳደገችው አክስቱ ኸይሪያ ናት። እሷም እንደ ወንድሟ ከዚያ ማለዳ ወዲህ ሙሉ እንቅልፍ ተኝታ አታውቅም። ልዩነታቸው እሷ ታለቅሳለች፤ እሱ አላለቀሰም። ከሥራ ሲወጣ ወደ ቤት በመምጣት ፈንታ ዩለስ፣ ሀሩን የሚኖርበት አፓርትመንት ፓርኪንግ ሎት ውስጥ መኪናውን ያቆምና ይቀመጣል። ይህን ለኸይሪያ የነገራት ሌላ የታክሲ ሹፌር ነው። ምን እንደሚጠብቅ ፈክረዲን ለማንም አልተናገረም። ወንበሩ ሥር ግን የጎማ መፍቻ ብረት አስቀምጦ ነበር። አንድ ቀን መኪናውን ስትጠርግ አይታዋለች።

ሽማግሌው ጋሽ ጫላ ነገሩን ሰምተው ነው እርቅ ያሉት። የከሚሴ ሰው ናቸው፤ የወሎን ሥርዓት ያውቃሉ። ወይዘሮ ሳሊሐን ሲያማክሯቸው አሮጊቷ፣ «ዘንዶው ይውጣ» አሉ።

ዘንዶው ያሉት ሳህኑን ነው። ባላቸው ሼህ አዩብ አባጋር ነበሩ። ሰው ተገድሎ ሁለት ወገን ደም ሲፈላለግ በመካከል የሚቆሙ አስታራቂ። ሳህኑን የሼህ አዩብ አያት ከሐጅ ሲመለሱ ሞካ ላይ ከአንድ ነጋዴ ያገኙት ነው ይባላል። ነጭ ሸክላ ነው፤ በውጭ በኩል ሰማያዊ ዘንዶ ዙሪያውን ተጠምጥሞ፣ አፉን ከፍቶ እሳት የምትመስል ኳስ ያሳድዳል። ውስጡ፣ ከታች፣ አንድ ትንሽ ዘንዶ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሼህ አዩብ ሳህኑን በብርዝ ይሞሉና፣ «ደሙን ዘንዶው ጠጥቶታል፤ ለእናንተ የቀረው ማሩ ነው» ብለው መጀመሪያ ለገዳዩ፣ ቀጥሎ ለሟች ወገን ይሰጣሉ። ትንሹ ዘንዶ እስኪታይ ይጠጣል። ከዚያ ወዲያ ደም የፈለገ ሰው ከሰው አይቆጠርም።

አንድ ጊዜ ወንድሙ የተገደለበት ገበሬ ሳህኑን ተቀብሎ ድንጋይ ላይ ወረወረው። ለሁለት ተከፈለ። ሼህ አዩብ አልተቆጡም። ደሴ ወስደው በነሐስ ሽቦ አሰፉትና ለዚያው ሰውዬ ሞልተው ሰጡት። ያን ጊዜ ጠጣ። ፈክረዲን ያኔ ልጅ ነበር፤ ብርዙን የያዘው እሱ ነው።

«አባታችን ቢኖር ምን ይልህ ነበር?» አለች ኸይሪያ፣ ዳላስን ሲያልፉ።

«አባታችን የሚያስታርቀው በሌላ ሰው ልጅ ደም ነበር።»

«እና ሳህኑ ምን አደረገ?»

«ሳህኑ ከሌለ መጠጣት የለም። ሶ፣ ይሄዳል።»

«የት?»

«ፎርት ወርዝ። አንቲክ የምትገዛ ሴትዮ አለች። ኮል አድርጌላታለሁ፤ ትጠብቀናለች።»

ኸይሪያ ጋቢውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

ሱቁ ጠባብና ቀዝቃዛ ነበር። ሴትዮዋ ስልሳውን ያለፈች፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ድምፀ ለስላሳ ናት። ጋቢው ሲፈታ እጇን ታጥባ መጣች፤ ሳህኑን በሁለት እጇ አነሳች፤ ወደ መስኮቱ ወስዳ አዟዟረችው። የዘንዶውን ጥፍሮች በጣቷ ተከተለች። ገልብጣ ከሥሩ ያለውን ቀለበት አየች።

«ከየት አገኛችሁት?» አለች በመጨረሻ።

«የአባቴ ነው» አለ ፈክረዲን። «የአያቱ ነበር። ከኢትዮጵያ።»

«በጣም አሮጌ ነው። ምን ያህል እንደሆነ ዛሬ ልነግርህ አልችልም። ግን እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ ሱቄ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።» የነሐሱን ስፌት ነካች። «ይሄ ጥገና ራሱ ታሪክ አለው። ምን ያደርጉበት ነበር?»

ፈክረዲን መልስ ለመስጠት አፉን ከፈተ። ኸይሪያ አየችው። ቃሉን በእንግሊዝኛ እየፈለገ ነበር።

«ሰው ሲገደል» አለ። «ማለቴ… አንድ ሰው ሌላውን ከገደለ። ሁለቱ ወገኖች ይመጣሉ። አባቴ…» ቆመ። «ከዚህ ይጠጣሉ።»

«ምን ይጠጣሉ?»

«ማር በውሃ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ያልቃል።»

ሴትዮዋ በአክብሮት ራሷን ነቀነቀች። ታሪኩ ደስ እንዳላት ያስታውቃል። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ከመሳቢያ ጥጥ አወጣች፤ ከትንሽ ጠርሙስ ጠብ አደረገችበት።

«ስፌቱ ውስጥ ያለው ቡናማ ነገር እድፍ ነው» አለች። «አትስጋ፣ ይለቃል። ስናጸዳው አዲስ ይመስላል።»

ጥጡን ወደ ስንጥቁ ሰደደች።

«አትንኪው» አለ ፈክረዲን።

የሴትዮዋ እጅ በአየር ላይ ቀረ።

«ይቅርታ፣ አይጎዳውም…»

«አውቃለሁ። አትንኪው።»

ኸይሪያ ያን ቡናማ መስመር ታውቀዋለች። ያ ሁሉ ሰው የጠጣው ማር ነው፤ ሽቦው ሥር ገብቶ የደረቀ። እናቷ ሳህኑን ባጠቡ ቁጥር በዚያ በኩል ሲደርሱ እጃቸውን ያቀሉ ነበር። ፈክረዲን ሳህኑን ራሱ ጠቀለለ። ሴትዮዋ ካርዷን ሰጠችው፣ እንዲያስብበት ለመነችው፤ አመስግኖ ወጣ።

መኪናው ውስጥ ሲገቡ ኸይሪያ እፎይ አለች። ወደ ቤት የሚመለሱ መሰላት። እሱ ግን ሰላሳን ትቶ ወደ ሰሜን ታጠፈ፤ አንድ ሰማንያ ሦስት ሀይዌይ ላይ ወጣ።

«ጋርላንድ በዚህ አይደለም» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ፈክሩ።»

ዩለስ ሊደርሱ ሲሉ ድልድዩ ታየ። ምሰሶው ላይ የቀለም ጭረት አለ፤ ሥሩ አንድ ሰው የተከለው የፕላስቲክ አበባ በፀሐይ ነጥቷል። ኸይሪያ ዓይኗን ጨፈነች። ስትከፍት ከሀይዌይ ወርደው ነበር።

አፓርትመንቱ ባለ ሁለት ፎቅ፣ ቡናማ ጡብ ነው። ፓርኪንግ ሎቱ በሐምሌ ፀሐይ ይነድዳል። ፈክረዲን አንድ ቦታ ፓርክ አደረገ፤ ዘወትር የሚያቆምበት መሆኑን ከአቋቋሙ አወቀች። ሞተሩን አላጠፋም።

ሀሩን ደረጃው ሥር ቆሞ ነበር። ነጭ ሸሚዝ፣ የተተኮሰ ሱሪ ለብሷል። ከአደጋው ወዲህ መኪና ነድቶ አያውቅም፤ ጋሽ ጫላ መጥተው እስኪወስዱት እየጠበቀ ነው። ታክሲውን ሲያይ አልሸሸም። ትንሽ ቆየና ወደ እነሱ መራመድ ጀመረ።

ፈክረዲን ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ ሥር ብረቱን አወጣ።

«አታድርገው» አለች ኸይሪያ።

በሩን ከፍቶ ወረደ። ሳህኑ ጭኗ ላይ ነው፤ የምታስቀምጥበት ጠፋት። በመጨረሻ ወንበሩ ላይ ተወችውና በሩን ሳትዘጋ ሮጣ በሁለቱ መካከል ገባች። ጀርባዋን ለልጁ፣ ፊቷን ለወንድሟ አድርጋ ቆመች። የፈክረዲን ዓይን እሷን አያይም። በትከሻዋ ላይ አልፎ ነው የሚያየው።

«እትዬ ኸይሪያ፣ ፈቀቅ ይበሉ» አለ ሀሩን ከኋላዋ። «ጋሼ፣ ሁልጊዜ ሲመጡ አያለሁ። መስኮቴ በዚህ በኩል ነው። ዛሬ ይወርዳሉ እያልኩ እጠብቃለሁ።»

«ለምን ፖሊስ አልጠራህም?» አለ ፈክረዲን።

«ምን ብዬ?»

ብረቱ በላብ በራሰው የፈክረዲን እጅ ውስጥ ይንሸራተታል፤ ደጋግሞ ይጨብጠዋል። አንዲት ሴት የልብስ ቅርጫት ይዛ ከደረጃው ወረደች፤ አየቻቸውና ተመልሳ ወጣች። ኸይሪያ አሁን ፖሊስ ይጠራል ብላ አሰበች። ፖሊስ መጥቶ ብረት የጨበጠ ሰው ቢያገኝ ምን እንደሚከተል አሰበች። አልተንቀሳቀሰችም።

«ልጄ ምን አለ?» አለ ፈክረዲን።

ሀሩን ቀና ብሎ አየው።

«መኪናው ውስጥ። መጨረሻ ላይ። ምን አለ?»

«ያወራኝ ነበር» አለ ሀሩን። «ደክሞኝ ስለነበር፣ እንዳልተኛ ብሎ። ስለ ክላሱ፣ ስለ ኳስ፣ የመጣለትን ሁሉ። በኋላ እኔ… አይም ኦኬ አልኩት። ከሰዓት ኤግዛም አለህ፣ አንተ ተኛ አልኩት። እሺ አለና ጃኬቱን መስኮቱ ላይ አድርጎ ተኛ። ተኛ ያልኩት እኔ ነኝ ጋሼ። ለፖሊስም ለማንም አልተናገርኩም። ቢያወራኝ ኖሮ አልተኛም ነበር።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ኸይሪያ ለብዙ ጊዜ ታስታውሰዋለች። ወንድሟ ብረቱን አላነሳም፣ አልጣለምም። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ብረቱ ከእጁ ወርዶ አስፋልቱ ላይ ጮኸ። ፀሐዩ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ቆየ። እሷም ሀሩንም አልተጠጉትም።

«ኤግዛሙ የምን ነበር?» አለ ቀና ሳይል።

«ስታቲስቲክስ።»

«አልነገረኝም።»

«ፈርቶት ነበር። ከወደቅኩ አባቴ ሥራውን ተው ይለኛል ብሎ።»

ፈክረዲን ራሱን ነቀነቀ። «እለው ነበር» አለ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻው ብቻ ይርገበገብ ነበር። ኸይሪያ አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች።

ሲነሳ ፊቱን በሸሚዙ ጠርጎ የኋላውን በር ከፈተ።

«ግባ» አለው ሀሩንን።

ልጁ ኸይሪያን አያት። ያልታረቁ ሰዎች ሳይጠጡ በአንድ ጣራ ሥር አይውሉም፤ አባቷ በአንድ መኪና ይቅርና በአንድ መንገድ እንኳን አያሳልፏቸውም ነበር። ሀሩን ገባ። ኸይሪያ ብረቱን አንስታ የቆሻሻ ገንዳው ውስጥ ጣለችና ሳህኑን አቅፋ ተቀመጠች።

ሀይዌይ ላይ ወጡ። ከኋላ የልጁ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ትንፋሽ ይሰማል፤ ከአደጋው በኋላ ሀይዌይ ላይ ሲወጣ እንዲህ እንደሚሆን ጋሽ ጫላ ነግረዋት ነበር። ፈክረዲን በመስታወቱ ያየዋል። ዓይኑን ከመንገዱ ሲያነሳ ኸይሪያ መሪውን ታያለች። እንዲህ ያዘነ ሰው መሪ ይዞ ምን ሊያስብ እንደሚችል ታውቃለች፤ ሦስቱም በአንድ መኪና ውስጥ ናቸው፣ የሚያቆመው የለም። አንድ ትልቅ ካሚዮን በጎናቸው ሲያልፍ ሀሩን የወንበሩን ጀርባ ያዘ። ፈክረዲን ያን አይቶ ፍሬቻ አበራ፤ ወደ ቀኙ መስመር ገብቶ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከዚያ በኋላ እስከ ጋርላንድ ቀስ ብሎ ነዳ።

የሀሩን ስልክ ጠራ።

«አቤት ጋሽ ጫላ… አይ፣ እዚያ የለሁም። በሌላ መኪና እየመጣሁ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከጋሼ ፈክረዲን ጋር።»

በስልኩ በኩል ጋሽ ጫላ አንድ ነገር አሉና ሀሩን፣ «ደህና ነኝ» አለ።

ወይዘሮ ሳሊሐ ሳሎኑን አስጠርገው፣ ምንጣፍ አስነጥፈው፣ ብርዙን በማሰሮ አቅርበው ይጠብቁ ነበር። ሳህኑ ይመለስ አይመለስ ሳያውቁ። ልጃቸው ለልጅ ልጃቸው ሞት ምክንያት ከሆነው ልጅ ጋር አንድ ላይ ሲገባ ሲያዩ ለምን አላሉም። ጋሽ ጫላ ኋላ ደረሱ፤ ከመኪናው እስከ በሩ ሮጠው ኖሮ ያለከልካሉ።

ሀሩን በሩ ላይ በግንባሩ ተደፋ። ወይዘሮ ሳሊሐ ተነስተው ትከሻውን ይዘው አነሱት።

«ልጄ፣ ይህን ሲያደርግ የኖረው ባሌ ነው» አሉ። «እኔ ሴት ነኝ፤ ደግሞም ባለ ደም ነኝ። ግን ሌላ የሚያውቅ የለም።»

ብርዙን በዘንዶው ቀዱ። ትንሹ ዘንዶ ከማሩ ሥር ጠፋ። ቃሉን ጀመሩት፣ «ደሙን ዘንዶው…» ድምፃቸው ተቆረጠ። እንደገና ሞክረው እስከ መጨረሻው አሉት። ሀሩን ተቀብሎ ጠጣ። ቀጥሎ ሳህኑ በፈክረዲን እጅ ላይ አረፈ።

አልጠጣም። ይዞት ቆመ። ብርዙ ከዳር እስከ ዳር ይናጣል፤ ጥቂቱ ፈስሶ ጣቱን አራሰው። ፊቱ ጠቁሮ፣ መንጋጋው ተቆልፎ ነበር። ኸይሪያ ድንጋይ ላይ የወረወረው ገበሬ ትዝ አላት። ጋሽ ጫላም ያንኑ ሳያስቡ አልቀሩም፤ ሳህኑን ሊቀበሉት እጃቸውን ዘርግተው ተራመዱ።

«ይተውት ጋሽ ጫላ» አሉ ወይዘሮ ሳሊሐ።

«ሊሰብረው ነው እኮ።»

«ቢሰብረውም የሱ ነው። ይተውት።»

ጋሽ ጫላ ተመለሱ። ፈክረዲን እናቱን አየ፣ እህቱን አየ። ሀሩንን አላየውም። ሳህኑን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ጥርሱ ሸክላው ላይ ሲንቀጫቀጭ ሁሉም ሰሙ። ጠጣ። ትን ብሎት አቆመ፤ እንደገና ጠጣ። ሳህኑን ሲያወርድ ከታች የተኛው ዘንዶ ታየ። ለእናቱ ሰጣቸውና ወደ ውስጥ ገብቶ የጦልሃን ክፍል በር ዘጋ።

በመኸር ፍርድ ቤት ጉዳዩን ሲያይ፣ ፈክረዲን ቤተሰቡ ታርቋል፣ ሀሩን እስር ቤት እንዲገባ አልፈልግም ብሎ በራሱ አንደበት ተናገረ። ሀሩን ሳይታሰር በአመክሮ እንዲቆይ ተወሰነለት። ዩለስ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ታክሲው ከዚያ ወዲህ አልታየም። ይህ ማለት ግን ሁለቱ ተዋደዱ ማለት አይደለም። ሀሩን ሲደውል ስልኩን የምታነሳው ኸይሪያ ነበረች፤ ወንድሟ ስለ እሱ ጠይቆ አያውቅም።

የዚያ ዓመት ዒድ ሀሩን ከጋሽ ጫላ ጋር መጣ። ፈክረዲን እጁን ጨበጠው፣ «ዒድ ሙባረክ» አለው፣ ከዚያ ጓሮ ወጥቶ ብቻውን ቆመ። ኸይሪያ ምሳ አቅርባ ልትጠራው ስትል እናቷ በዓይናቸው ከለከሏት። ሳይጀምሩ ጠበቁት። ምግቡ ሊቀዘቅዝ ሲል ገባ። እጁን ታጥቦ ከትሪው ዙሪያ ተቀመጠ፤ ባዶ የነበረው ቦታ ከሀሩን ጎን ብቻ ነበር።

«ብሉ እንጂ» አለ። «ምን ትጠብቃላችሁ?»